የቁርጭምጭሚት ሰዓት

አክስቴ ልብስ ሰፊ ናት። ሰፈሩ ግን የሚያውቃት «እትዬ ነገ» በሚል ስም ነው። ልብሴ መቼ ይደርሳል ብሎ ለጠየቃት ሁሉ፣ ከስፌት መኪናዋ ቀና ሳትል፣ «ነገ» ትላለች። ቃሏን አምኖ በማግስቱ የሚመጣ ደንበኛ ካለ፣ ለሰፈሩ አዲስ ነው ማለት ነው። «ነገ ብለሽኝ አልነበር?» ሲላት በአዘኔታ ታየውና፣ «አሁንም ነገ ነው የምልህ፤ መች ቃሌን ቀየርኩ?» ትለዋለች። ሰውየው ይስቃል፣ ወንበር ስቦ ይቀመጣል፣ የመጣበትን ረስቶ የልጆቹን ነገር ሲያወራ ውሎ ይሄዳል። ልብሱም አንድ ቀን ይደርሳል። ሲደርስ ደግሞ ባለቤቱን ከልጅነቱ ጀምሮ የሚያውቀው ይመስል ልክክ ይልበታል።

የምትሠራው በመኖሪያ ቤቷ የፊት ክፍል ነው። ክፍሉ ጠባብ ቢሆንም መስኮቱ ሰፊ ስለሆነ መንገዱን እንዳለ ያስገባል። ከመስኮቱ ሥር በእግር የሚረገጥ ጥቁር የስፌት መኪና አለ። የጠረጴዛው ጠርዝ፣ ግራ ክንዷ የሚያርፍበት ቦታ ላይ፣ ቀለሙ ለቆ እንጨቱ የወንዝ ጠጠር መስሏል። ሜትሯ አንገቷ ላይ ነው፣ ስፒሎቿ ደረቷ ላይ ናቸው፣ መነጽሯ ሁልጊዜ ከምትፈልግበት ቦታ ሌላ ቦታ ነው። ከመንገዱ ማዶ፣ ፊት ለፊቷ፣ ጫማ ሰፊው ይቀመጣል። ዕድሜያቸው እኩል ነው፣ ጭቅጭቃቸውም እንደዚያው። እኔ በዚያ መንገድ ሳልፍ ገብቼ ሳልቀመጥ ሄጄ አላውቅም።

አክስቴ አዲስ ዕቃ አትወድም። አትጮህበትም፣ አትረግመውም፤ ሳይጠራ እንደመጣ እንግዳ በር ላይ አቁማ ነው የምታናግረው። ጎረቤቷ በሩ ክፍት ሲቀር የሚጮህ ፍሪጅ የገዛች ጊዜ ሄዳ አየችው፤ ለምን እንደሚጮህ ሲነገራትም፣ ልጇ በር ክፍት ስትተው እሷ በነጻ ትጮህ እንደነበር አስታውሳ ተመለሰች። ሌላ ቀን ደግሞ ብቻውን እየዞረ ቤት የሚጠርግ ክብ መጥረጊያ አሳዩዋት። ከወንበር እግር ጋር ደጋግሞ ሲጋጭ ብታይ፣ «ምስኪን፣ ዓይን ሳይሰጡት ሥራ ሰጡት» ብላ ወንበሩን አነሳችለት።

እኔን የሚደንቀኝ ግን ያች ጥቁር መኪና ናት። አክስቴ ራሷ እንደነገረችኝ፣ እናቷ በእጃቸው የሚሰፉ ልብስ ሰፊ ነበሩ። እሷ በወጣትነቷ መኪናዋን ገዝታ ስታስገባ እናቷ ለብዙ ጊዜ አኮረፉ። የመጀመሪያውን ቀሚስ ሰፍታ ስትሰጣቸው ተቀበሏት፣ አመሰገኗት፣ ከዚያም ስፌቱን አንድ በአንድ ፈትተው በእጃቸው መልሰው ሰፉት። ይህን ስሰማ፣ እንግዲያውስ ያንቺም መኪና የዘመኗ ጉድ ነበረች ማለት ነው አልኳት። በመነጽሯ ላይ አሻግራ አየችኝና፣ «የኔ መኪና አትናገርም» አለችኝ። ዝም ከሚል ዕቃ ጋር መታረቅ ትችላለች። እንግዲህ አንድ ቀን የሚናገር ዕቃ ቤቷ ገባ።

ነገሩ የጀመረው በመውደቋ ነው። ያን ቀን ረጅም ሰዓት ተቀምጣ ስትሰፋ ቆይታ ካውያውን ለማንሳት ብድግ ስትል ክፍሉ ዞረባትና፣ እየሰፋችው በነበረው የመጋረጃ ክምር ላይ ወደቀች። ጫማ ሰፊው በመስኮቱ በኩል አይቷት፣ የሰው ጫማ በእጁ እንደያዘ ሮጦ መጣ። ሐኪሙ የከፋ ነገር አላገኘባትም። ብቻ ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ ተሰፍታ እንዳትውል፣ በየመሃሉ እየተነሳች እንድትራመድ አዘዛት። አክስቴ ለልጇ ትንፍሽ አላለችም። ጫማ ሰፊው ግን ነገራት።

ልጇ አንድ ናት፤ ሌላ ከተማ ቢሮ ትሠራለች። በሳምንቱ ትንሽ ሳጥን ይዛ መጣች። ከሳጥኑ የወጣችው ሰዓት ጥቁር፣ እንደ ከረሜላ የተወለወለች፣ ሲነኳት የምትበራ፣ ሲተዋት የምትተኛ ነበረች። የልብ ምት ታያለች፣ እርምጃ ትቆጥራለች፣ የቆጠረችውንም እዚያው ለልጅቷ ስልክ ትልካለች። አክስቴ ከዚህ ሁሉ ማብራሪያ ጆሮዋ የገባው የመጨረሻው ነው።

«ሰላይ ናታ።»

«ሰላይ አይደለችም እማዬ። ስለማስብልሽ ነው።»

«ሰላይም የሚላከው ሲታሰብ ነው።»

ልጅቷ ግን ቆርጣ ነው የመጣችው። ወይ ሰዓቷን ታስራለች፣ በቂ መንቀሳቀሷም ይታያል፤ ወይ ሱቁን ዘግታ እሷ ጋ ትገባለች። ክፍል አዘጋጅታላታለች፣ አልጋውም ቁም ሣጥኑም አዲስ ነው። አክስቴ ስለ አልጋው አልጠየቀችም። መስኮቱ ወዴት እንደሚያይ ብቻ ጠየቀች። ወደ ጀርባ ነው፣ ጸጥ ያለ ነው ተባለች። እዚያው ተቀምጬ ነበርና ፊቷ ሲለወጥ አየሁ። መንገድ የማያይ መስኮት፣ ደንበኛ የማይገባበት በር፣ መኪናዋ የሌለችበት ጸጥታ ታያት መሰለኝ። ከዚያ በኋላ ክርክር አልነበረም፤ እጅ እንደሚሰጥ ሰው ግራ እጇን ዘረጋች።

በማግስቱ ገብቼ ስቀመጥ የመጋረጃ ጠርዝ ትዘመዝም ነበር። ድንገት ሰዓቷ እጇ ላይ ነዘረች፤ አክስቴም አብራ ነዘረች፤ ስፌቱም ጠመመ። በሕይወቴ ከእጇ ጠማማ ስፌት ሲወጣ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው።

«አንብብልኝ እስቲ፣ ምን ትላለች?»

የመነሻ ጊዜዎ ደርሷል ትላለች አልኳት። ወዴት አለችኝ። ወዴትም አይደለም፣ ብቻ ይነሱ ነው የምትለው አልኳት።

«አንቱታ እንኳ ታውቃለች» አለች፣ ሳትወድ በግዷ። «ግን ከመቼ ወዲህ ነው ሰዓት ባለቤቷን የምታዘው?» ብላ ቁጭ እንዳለች ጠማማውን ስፌት መፍታት ጀመረች።

ማታ ማታ ልጅቷ ትደውላለች። ሰላምታው አጭር ነው፤ ወዲያው ወደ ቁጥሩ ትገባለች። ዛሬም አልተንቀሳቀስሽም፣ ትናንትም አልተንቀሳቀስሽም፣ በዚህ ከቀጠለ እኮ ልወስድሽ ነው። አክስቴ ተናደደች። እግሯ ከጧት ጀምሮ መርገጫው ላይ ሲወጣና ሲወርድ ውሎ፣ መሬት ላይ ቢሆን ኖሮ የት በደረሰ፣ ሥራ ፈት ተብላ መመዝገቧ አንገበገባት።

እኔም ቁጭ ብዬ አጤንኩትና ተገረምኩ። አክስቴ ስትሰፋ እግሮቿ ይሮጣሉ፣ ግራ እጇ ግን ጨርቁ ላይ እንደተኛ ነው። አይገፋም፣ አይጎትትም፤ ጨርቁ መንገዱን ራሱ ያገኘ እስኪመስል ድረስ በጣት ጫፍ ብቻ ይመራዋል። እጁ በረጋ ቁጥር ስፌቱ ይቀናል። ዕድሜዋን ሙሉ ያሠለጠነችውን እርጋታ ሰዓቷ በአንድ ቀን ስንፍና ብላ ጻፈችው።

ጫማ ሰፊው ሚስማር በከንፈሩ እንደያዘ መንገዱን ተሻግሮ መጣና ጉዳዩን ሰማ። እሱ የሰው ኑሮ የሚገባው ከእግሩ እንደሆነ፣ እጅ ግን ታጥቦ የሚቀርብ አስመሳይ ስለሆነ እንደማያምነው ተናገረ። አክስቴ ይህን ሰምታ ብዙ አላሰበችም። ሰዓቷን ከእጇ ፈታች፣ ጎንበስ ብላ ቁርጭምጭሚቷ ላይ ለካቻት። ማሰሪያው አጠረ። ሰፊ ላስቲክ ቆረጠች፣ ቆዳ እንዳይቧጭር በለስላሳ ጨርቅ ገበር ሰጠችው፣ ቁልፍና የቁልፍ ቀዳዳ አወጣችለት። ለሰዓቷ «ነገ» አላለቻትም፤ እዚያው በተቀመጥኩበት ጨርሳ አሰረቻት። ስምምነቱ እንድታስር ነው እንጂ የት እንደምታስር አልተነገረኝም አለች፣ ማንም ሳይጠይቃት።

ያን ዕለት ፀሐይ ሳትጠልቅ ቁርጭምጭሚቷ ላይ ርችት ፈነዳ። ትንንሽ ቀይና ቢጫ ኮከቦች በመስታወቱ ላይ ተበተኑ፣ ከሥራቸውም «እንኳን ደስ አለዎት፣ ግብዎን አሳክተዋል» የሚል ጽሑፍ ወጣ። አክስቴ መነጽሯን ፈልጋ ራሷ አነበበችው። ለሁሉ ሰው እንዲህ ትል እንደሆነ ጠየቀችኝ። ላሳካ ሁሉ ትላለች አልኳት። «አሃ» ብላ የቀሚሷን ጫፍ በቀስታ መለሰች። የተሸነፈችው ያኔ ነው።

ከዚያ በኋላ ያየሁትን ባልናገር ይሻላል፣ ግን አያስችልም። ደንበኛ ክንዷን ዘርግታ ለልክ ቆማ ሳለ አክስቴ ጎንበስ ትላለች፣ የራሷን ቀሚስ ገለጥ ታደርጋለች፣ ቁርጭምጭሚቷን አይታ ፈገግ ትላለች። ደንበኛዋ ደንግጣ የገዛ እግሯን ታያለች። እኔን ስልክ ባየሁ ቁጥር «ሰው ፊት እኮ ነው ያለኸው» የምትል ሴት ናት። ይህን ባስታውሳት አላፈረችም። «ያንተ ስልክ አያደንቅህም» አለችኝ።

እሷን ብቻ ለምን እላለሁ። በአውቶቡስ ስሄድ የተሳፋሪዎችን እጅ አያለሁ፤ አንዱ በራ፣ አንዱ ጠፋ፣ ሌላው ነዘረ። አንድ ጓደኛዬን ጧት አግኝቼው እንዴት አደርክ ስለው፣ «ቆይ ልየው» ብሎ ስልኩን አወጣ። ሰዓቱ የመዘገበለትን እንቅልፍ አገላብጦ ካየ በኋላ ደህና አለማደሩን ነገረኝ፤ እስኪያይ ድረስ ፊቱ ደህና ያደረ ሰው ፊት ነበር። ሳቅኩበት። ከዚያ ለራሴ፣ እኔስ እንዴት አደርኩ ብዬ ሳስብ መልሱን ከየት እንደማመጣ ግራ ገባኝ።

ወደ አክስቴ ልመለስ። የተማሪ ልብስ የሚሰፋበት ጊዜ ደረሰና ክፍሉ በሰማያዊ ጨርቅ ተሞላ። ወንበሯ መቀዝቀዝ አቆመ። ድሮ መንገዱ ጫፍ ላይ ወዳለው ክር ቤት ራሷ ትሄድ ነበር፤ ቀለም ስታማርጥ፣ ከባለሱቋ ጋር ስታወራ፣ ደህና ትቆይ ነበር። አሁን ክሩን በመንገደኛ ታስመጣለች። መሄድ ጊዜ ይፈጃል፣ ያን ያህል ጊዜ ብረግጥ ሰዓቷ ይበልጥ ትቆጥርልኛለች ትላለች። እርምጃ ለማብዛት ብላ መራመድ ተወች። ሐኪሙ ተነሺ ያላት፣ ሰዓቷም ተነሺ ያለቻት ሴት፣ ቁጭ ብላ ሁለቱንም አታለለቻቸው። አንድ ቀን ስትነሳ የጠረጴዛውን ጠርዝ ጥብቅ አድርጋ ይዛ ዓይኗን ስትጨፍን አየኋት። ማየቴን አየች። ገና ሳልጠይቃት «ደህና ነኝ» አለች።

በዚያኛው ከተማ ደግሞ ልጅቷ ስልኳን ይዛ ትጨነቅ ነበር። ስልኩ የሚነግራት እናቷ ከጧት እስከ ማታ ያለ ዕረፍት እንደምትሄድ ነው። ሰዓቷ ቦታም ትናገራለችና፣ ይህች እናት ከዚያች ጠባብ ክፍል ንቅንቅ እንዳላለችም ይነግራታል። እስቲ እናንተ ይህን አንብባችሁ ምን ታስባላችሁ? ልጅቷ እናቷ ግድግዳ ለግድግዳ ስትዞር ስትውል ታየቻት። ደውላ በዘዴ ብትጠይቃት፣ አክስቴ በኩራት፣ «እግሬ አላርፍ አለኝ ልጄ፣ ምን እንደነካኝ አላውቅም፤ ብቻ ደስ ይለኛል» ብላ መለሰችላት። ይሄ መልስ ማንንም ልጅ አያስተኛም።

ሳትነግረን መጣች። እኔ ሰማያዊ ጨርቅ ገፍቼ ሻይ እየጠጣሁ ነበር። በሩ ላይ ስትቆም አክስቴ ፊቷን አላየችም፤ ሻንጣውን ነው ያየችው። በአያያዟ ባዶ መሆኑ ያስታውቃል፤ ባዶ ሻንጣ የሚመጣው ደግሞ ሊሞላ ነው። ልጅቷ መጀመሪያ ወለሉን አየች፣ የመዞሪያ ዱካ የምትፈልግ ይመስል።

«ተቀመጪ እማዬ፣ እባክሽ።»

«ተቀምጫለሁ እኮ።»

እውነትም ተቀምጣለች። ልጅቷ ግራ ተጋብታ ወደ እናቷ እጅ ተመለከተች። ሰዓቷ የለችም። የት እንዳለች ጠየቀቻት። የመርገጫው ድምፅ ቆመ። አክስቴ የቀሚሷን ጫፍ ቀስ ብላ ገለጠች፤ ሰዓቷም ይህን ጊዜ የጠበቀች ይመስል ርችቷን ተኮሰች።

ሳቅ ይሆናል ብዬ ጠብቄ ነበር። አልሆነም። ልጅቷ ደንበኛ ለልክ የሚቆምባት በርጩማ ላይ ቁጭ አለች።

«አብደሽ መስሎኝ ነበር» አለች ዝቅ ባለ ድምፅ። «መንገዱን ሙሉ ይህንኑ ሳስብ ነው የመጣሁት።»

አክስቴ ጨርቁን ከመርፌው ሥር አወጣች፣ አጠፈች፣ እንደገና ዘረጋች። «በፊት ስትደውዪ ‹እንዴት ነሽ› ነበር የምትዪኝ» አለች። «አሁን ‹ስንት ነሽ› ሆኗል።»

«እንዴት ነሽ ስልሽ መልስሽ ‹ደህና ነኝ› ነዋ። መውደቅሽን የነገረኝ ጫማ ሰፊው ነው። ካንቺ ሰዓቷ ትሻላለች፣ ቢያንስ አትደብቀኝም።»

ማንኛቸውም አልተሳሳቱም። ከማዶ መዶሻው ቆሟል፤ ጫማ ሰፊው አንገቱን አስግጎ ያያል። አክስቴ ጎንበስ ብላ የላስቲኩን ቁልፍ ፈታች፣ ሰዓቷን መኪናው ላይ አስቀመጠቻት።

«ስነሳ ያዞረኛል» አለች።

«አሁንም?»

«አሁንም። ትንሽ።»

ይህችን «ትንሽ» ለመስማት አንዲት ሰዓት ከሳጥን ወጥታ፣ ከእጅ ወደ እግር ወርዳ፣ ሁለት ከተማ አስጨንቃለች። ልጅቷ እንዲህ ብትነግሪኝ ኖሮ ሰዓት መች እገዛ ነበር አለቻት። አክስቴ በዓይኗ ሻንጣውን ጠቆመች።

«እንዲህ ብልሽ ኖሮ እሱን ቀድመሽ ታመጪው ነበር።»

ልጅቷ ሻንጣውን አየችው፤ ከዚያ መስኮቱን፣ መንገዱን፣ ቀለሙ የለቀቀውን የጠረጴዛ ጠርዝ አየች። እግሯን ዘርግታ ሻንጣውን ከጨርቁ ክምር ጀርባ ገፋችው። እውነቱን እስከነገረችኝ፣ እስከተነሳችም ድረስ አልወስዳትም አለች፤ ለማን እንደምትናገር ሳይታወቅ፣ ለእኔ ይመስላል። ከዚያ ተነስታ ለእናቷ እጇን ሰጠቻት። አክስቴ ብድግ አለች፣ ዓይኗን ጨፈነች፣ ልጅቷ ክፍሉ መዞሩን እስኪያቆም አብራት ቆመች። ተያይዘው ወደ ክር ቤት ሄዱ። ባለሱቋ የት ጠፋሽ ብላ እንዳስቀመጠቻቸው ከመዘግየታቸው ገባኝ። ሰዓቷ መኪናው ላይ ብቻዋን ሆና ሁለት ጊዜ ነዘረች፤ ይነሱ ትል ነበር፣ ለባዶ ወንበር።

ሲመለሱ ልጅቷ ከጫማ ሰፊው ጋር ተዋዋለች። አንድ ጫማ በጨረሰ ቁጥር ጫማ የሚቀጠቅጥበትን ብረት በመዶሻው ይመታል፤ አክስቴ ያን ሰምታ ትነሳለች፣ መስኮቱ ጋ ቆማ ትታየዋለች። ካልታየች ወደ ልጅቷ ይደውላል።

«እንግዲህ ሰዓት አደረግሽኝ» አላት። «ርችት ግን የለኝም።»

አክስቴ አልተደሰተችም። ያቺኛዋ ቢያንስ አንቱ ትለኝ ነበር አለች።

ልጅቷ ወደ ማምሻው ባዶ ሻንጣዋን አንስታ በሩ ላይ ቆመች። ክፍሉ ግን አሁንም ዝግጁ እንደሆነ፣ አልጋውም እንደተነጠፈ ነገረቻት።

«መቼ ነው ታዲያ የምትመጪው?»

አክስቴ መርገጥ ጀምራለች። ሰማያዊው ጨርቅ በእርጋታዋ ሥር ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ቀና ሳትል፣ «ነገ» አለቻት።

ልጅቷ እዚያው መኪና ሥር፣ በቁርጥራጭ ጨርቅ ላይ ተኝታ ያደገች ናት፤ ያን ቃል ከሁላችን በላይ ታውቀዋለች። አንድ ጊዜ ሳቀች፣ ሻንጣውን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ ወጣች። በመስኮቱ በኩል ስታልፍ ሳቋ አላለቀም ነበር።

ገና መንገዱ ጫፍ ሳትደርስ ከማዶ ብረቱ ተመታ። አክስቴ እንዳልሰማች ሆነች። እንደገና ተመታ።

«ይሄ ሰውዬ ዛሬ ስንት ጫማ ነው የሚጨርሰው» ብላ አጉረመረመች። ጠርዙን ያዘች፣ ትንሽ ጠበቀች፣ ከዚያ ተነሳች።